የውሃ ጥንካሬ አለካክና የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ

አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ሲወጣ የአካባቢው ነዋሪ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው በሳሙና ነው። ሳሙናው ቶሎ አረፋ ከሰጠ፣ የታጠበው ልብስ ከጠራ፣ ማንቆርቆሪያውም ነጭ ቅርፊት ካልያዘ ውሃው መልካም ነው ይባላል፤ ሳሙና የሚጨርስና ዕቃ የሚያበላሽ ከሆነ ደግሞ ይነቀፋል። ይህ የቤት ውስጥ ፍርድ መሠረት የለሽ አይደለም፤ በኬሚስትሪ ዐይን ሲታይ በውሃው ውስጥ ያለውን የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን መገመት ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ይኸው ፍርድ ወደ ተሳሳተ ጉድጓድ ሊመራ ይችላል። በዚያ አካባቢ ለሳሙና እጅግ የሚመቸው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ጥርስን የሚያበልዝና አጥንትን የሚጎዳ ፍሎራይድ የተሸከመ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የውሃ ጥንካሬ እንዴት እንደሚለካ ማብራራትና ልኬቱ በአንድ ድምር ብቻ ሲዘገብ ምን እንደሚጎድለው ማሳየት ነው። ተጨማሪ አንድ ቲትሬሽን የሚጠይቀው ዝርዝር ልኬት፣ ከአልካላይነት ጋር ሲነጻጸር፣ የትኛው ጉድጓድ አስቀድሞ የፍሎራይድ ምርመራ እንደሚሻ ያመለክታል።

ጥንካሬ ምንድን ነው?

የውሃ ጥንካሬ ማለት በውሃ ውስጥ የሟሙ ባለሁለት ቻርጅ ብረታማ አዮኖች፣ በዋነኛነትም የካልሲየምና የማግኒዚየም ድምር ነው። ብረት፣ ማንጋኒዝና ስትሮንቲየም የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም በአብዛኛው የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ መጠናቸው አነስተኛ ስለሆነ በስሌቱ አይካተቱም። እነዚህ አዮኖች ከሳሙና ጋር ሲገናኙ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ጠንካራ ውሃ አረፋ የሚነፍገውም ለዚህ ነው።

ካልሲየምና ማግኒዚየም የተለያየ ክብደት ያላቸው አዮኖች በመሆናቸው እንዳሉ ሊደመሩ አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱም ተመጣጣኝ ወደሆነ የካልሲየም ካርቦኔት መጠን ተለውጠው ይገለጻሉ። የካልሲየም መጠን በ2.497፣ የማግኒዚየም መጠን በ4.118 ተባዝቶ ሲደመር ጠቅላላ ጥንካሬው በሚሊ ግራም በሊትር ይገኛል። በተለመደው አመዳደብ መሠረት እስከ 60 ሚሊ ግራም በሊትር ያለው ውሃ ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 ያለው መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ያለው ጠንካራ፣ ከ180 በላይ የሆነው እጅግ ጠንካራ ይባላል። በቆዩ ሰነዶችና ከውጭ በሚመጡ የመሣሪያ መመሪያዎች ላይ ሌሎች መለኪያዎችም ይገኛሉ፤ አንድ የፈረንሳይ ዲግሪ 10፣ አንድ የእንግሊዝ ዲግሪ 14.3 ገደማ፣ አንድ የጀርመን ዲግሪ 17.8 ሚሊ ግራም በሊትር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። መለኪያው ሳይገለጽ "ዲግሪ" ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ውጤት እርባና የለውም።

ጥንካሬ በራሱ የጤና ጠንቅ ተደርጎ አይቆጠርም። የዓለም ጤና ድርጅትም በጤና ላይ የተመሠረተ የጥንካሬ ወሰን አላስቀመጠም። የሚታወቀው ጉዳቱ በቧንቧ፣ በውሃ ማሞቂያና በፋብሪካ ቦይለር ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ የጥንካሬ ልኬት የምቾትና የዕቃ ጉዳይ ሆኖ ይታያል፤ በውጤቱ መዝገብ ላይም አንዲት ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ከሳሙና ወደ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ.

የቤት እመቤቷን የሳሙና ፈተና ወደ ቤተ ሙከራ ያስገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የአበርዲን የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ቶማስ ክላርክ ነው። አካሄዱ ቀላል ነበር፤ መጠኑ የታወቀ የሳሙና ሙሙት በተለካ ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ጠርሙሱ ይናጣል፤ አረፋው ሳይጠፋ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሲቆይ የፈሰሰው የሳሙና መጠን ጥንካሬውን ይገልጻል። ከላይ የተጠቀሰው የእንግሊዝ ዲግሪም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የዘዴው ድክመት ሳሙና ካልሲየምን ከማግኒዚየም ለይቶ አለማሳየቱ ነው፤ ከማግኒዚየም ጋር የሚያደርገው ግብረ መልስም ዘገምተኛ በመሆኑ ውጤቱ ይዋዥቃል።

የዛሬው ዘዴ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በዙሪክ በስዊሱ ኬሚስት ጌሮልድ ሽዋርዘንባኽ ሥራ ነው። ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የተባለው ውህድ አንዱ ሞለኪውል አንድ የካልሲየም ወይም አንድ የማግኒዚየም አዮን ከየአቅጣጫው አቅፎ ይይዛል። ምጥጥናቸው ምንጊዜም አንድ ለአንድ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። 0.01 ሞላር ከሆነ የኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ሙሙት አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔትን ይተካል።

የልኬቱ አካሄድ

ለጠቅላላ ጥንካሬ 50 ሚሊ ሊትር ናሙና ይወሰዳል፤ ውሃው እጅግ ጠንካራ ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በተጣራ ውሃ ወደ 50 ይሞላል። ከዚያም በአሞኒያና በአሞኒየም ክሎራይድ ቡፈር ፒኤቹ ወደ 10 ይደርሳል። ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለው አመልካች ሲጨመር ናሙናው የወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ከቡሬት ሲንጠባጠብ በቅድሚያ ካልሲየምን፣ ቀጥሎ ማግኒዚየምን ይይዛል፤ በመጨረሻ ከአመልካቹ ጋር ተጣብቆ የቀረውን ማግኒዚየም ሲነጥቀው ቀለሙ ወደ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይለወጣል። የቀይ ጥላ ፈጽሞ ሲጠፋ ቡሬቱ ይዘጋል።

የካልሲየም ጥንካሬ ለብቻው የሚለካው በሁለተኛ ናሙና ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹ ወደ 12 ወይም 13 ከፍ ሲል ማግኒዚየሙ በሃይድሮክሳይድ መልክ ይዘቅጣል፤ በሙሙቱ ውስጥ የሚቀረውና በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚያዘው ካልሲየም ብቻ ይሆናል። ሚውሬክሳይድ በአመልካችነት ሲያገለግል ቀለሙ ከሮዝ ወደ ሐምራዊ ይዞራል። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ሲቀነስ የማግኒዚየም ጥንካሬ ይገኛል። ይህ ሁለተኛ ቲትሬሽን አንድ ተጨማሪ ፍላስክና ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልጋል። በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ሁለቱን አዮኖች ለየብቻ መለካት የበለጠ ትክክለኛ ቢሆንም፣ ቡሬትና ፒፔት ያለው ቤተ ሙከራ ሁሉ ሥራውን በቲትሬሽን ማከናወን ይችላል።

በለስላሳ ውሃ ላይ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

የመማሪያ መጻሕፍት አሠራር በአብዛኛው መካከለኛ ጥንካሬ ላለውና ሁለቱም አዮኖች ለሚገኙበት ውሃ የተዘጋጀ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ዝቅተኛ፣ ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ አራት ነጥቦች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አንደኛው የናሙና መጠን ነው። ጥንካሬው 10 ሚሊ ግራም በሊትር የሆነ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ የሚያስፈልገው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከቡሬት የሚወርድ አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ጠብታ መሳሳት 10 በመቶ ያፋልሳል። ናሙናው ወደ 250 ሚሊ ሊትር ቢያድግ ይኸው ስሕተት ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ቡፈሩና የተጣራው ውሃ ራሳቸው ጥቂት ጥንካሬ ሊኖራቸው ስለሚችል ባዶ ናሙና ተለክቶ መቀነስ አለበት።

ሁለተኛው የማግኒዚየም እጥረት ነው። ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ ከካልሲየም ጋር ያለው ትስስር ደካማ በመሆኑ ማግኒዚየም በሌለበት ውሃ የቀለሙ ለውጥ ይደበዝዛል፤ ለዪው ሰው ቀለሙ መቼ እንደዞረ እርግጠኛ መሆን ያቅተዋል። መፍትሔው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. እና ማግኒዚየም በእኩል ምጥጥን የተጣመሩበትን ጨው በጥቂቱ ወደ ቡፈሩ መጨመር ነው። ምጥጥኑ እኩል ስለሆነ ውጤቱን አያዛባም፤ የቀለሙን ለውጥ ግን ያጠራዋል።

ሦስተኛው የካርቦኔት ብዛት ነው። ብዙ ባይካርቦኔት ያለበት ውሃ ፒኤቹ ወደ 10 ሲደርስ ካልሲየሙ በካርቦኔት መልክ መዝቀጥ ይጀምራል። የዘቀጠው ካልሲየም ቀስ በቀስ እየሟሟ ስለሚመለስ ሰማያዊ የሆነው ናሙና ተመልሶ ይቀላል። ቡፈሩ ከተጨመረ በኋላ ቲትሬሽኑን በ5 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ፣ ወይም አስቀድሞ ናሙናውን በአሲድ አክሞና አፍልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣት ችግሩን ያቃልላል።

አራተኛው ከቤተ ሙከራ በፊት የሚፈጠር ስሕተት ነው። ከጉድጓድ የወጣ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያጣል፤ ካልሲየሙም በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ስለሆነም ለጥንካሬ የሚወሰደው ናሙና በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች እንዲሆን መደረግ ይኖርበታል። ለአልካላይነት የሚወሰደው ግን አሲድ ያልነካው ሌላ ጠርሙስ መሆን አለበት።

በመስክ ሥራ ላይ የተለመደው የኪስ ቲ.ዲ.ኤስ. ሜትር የእነዚህን ልኬቶች ቦታ ሊተካ አይችልም። መሣሪያው የሚለካው የውሃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ነው፤ ሶዲየምን ከካልሲየም አይለይም። በስምጥ ሸለቆ በሶዲየም ባይካርቦኔት የተሞላ ውሃ በዚህ መሣሪያ ከፍተኛ ንባብ ሊያሳይ፣ ጥንካሬው ግን እጅግ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል።

የካልሲየም ማነስና የፍሎራይድ ጣሪያ

በኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የውሃ ዓይነቶች ይገኛሉ። መቐለ የተቆረቆረችው የኖራ ድንጋይ፣ ሸክላማ ድንጋይና ጂፕሰም በሚፈራረቁበት የድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው። ለከተማዋ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ በሆነው በአይናለም የጉድጓድ መስክ ውሃው ከእነዚህ ድንጋዮች ካልሲየምንና ሰልፌትን ስለሚያሟሟ ጠንካራ ነው። የስምጥ ሸለቆ ወለል ደግሞ በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፐሚስና በራዮላይት የተሸፈነ ነው። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ሲነሣ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚያመዝኑበት ሲሆን፣ ወደ ሸለቆው ወለል እየሰረገ ሲሄድ ጠባዩ ይለወጣል። ካልሲየሙ ከፊሉ በካልሳይት መልክ ይዘቅጣል፤ ከፊሉ በሸክላ ማዕድናት ላይ ካለው ሶዲየም ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ይህ የአዮን ልውውጥ በመርሁ በየሆቴሉና በየፋብሪካው የሚተከለው የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ከሚሠራው የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ተፈጥሮ መሥራቱ ነው።

የልስላሴው ዋጋ የሚታየው በፍሎራይድ ላይ ነው። በውሃ ውስጥ ካልሲየምና ፍሎራይድ በበቂ መጠን ሲገናኙ ፍሎራይት የተባለ ማዕድን ሆነው ይዘቅጣሉ። ስለዚህ የካልሲየም መጠን በፍሎራይድ ላይ ጣሪያ ያበጃል። ጣሪያው የሚሰላው የካልሲየም መጠን በፍሎራይድ መጠን ካሬ ሲባዛ ከሚገኘው ቋሚ ቁጥር ነው፤ ይህም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞላር ሲሰላ በግምት 2.5 × 10⁻¹¹ ነው። በሊትር 100 ሚሊ ግራም ካልሲየም ባለበት ውሃ የፍሎራይድ ጣሪያ 1.9 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። ካልሲየሙ ወደ 4 ሚሊ ግራም ሲወርድ ጣሪያው ወደ 9.5 ሚሊ ግራም ይወጣል። ካልሲየሙ በ25 እጥፍ ሲቀንስ የፍሎራይዱ ጣሪያ በ5 እጥፍ ከፍ ይላል ማለት ነው። ስሌቱ የሌሎች ጨዎችን ተጽዕኖ ያላካተተ ግምት ነው፤ በጨዋማ ውሃ እውነተኛው ጣሪያ ከዚህም ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው።

የድምሩ ጉድለት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። 100 ሚሊ ግራም ካልሲየም ኖሮት ማግኒዚየም የሌለው ውሃ ጠቅላላ ጥንካሬው 250 ነው። 4 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 58 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ያለው ሌላ ውሃም ጠቅላላ ጥንካሬው 250 ያህል ይሆናል። በመዝገብ ላይ ሁለቱ ውሃዎች አይለዩም። የመጀመሪያው የፍሎራይድ ጣሪያ 1.9 ሲሆን የሁለተኛው 9.5 ነው። ማግኒዚየም ፍሎራይድን እንደ ካልሲየም የማዝቀጥ አቅም ስለሌለው ሁለቱን አዮኖች መደመር የሚፈለገውን መረጃ ያጠፋዋል።

ከአልካላይነት ጋር ማነጻጸር

የካልሲየም ማነስ ብቻውን የፍሎራይድ ምልክት አይደለም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃም ካልሲየም የለውም፤ ፍሎራይዱ ግን ዝቅተኛ ነው። ጣሪያው ከፍ ማለቱ ፍሎራይድ ሊኖር የሚችልበትን ወሰን እንጂ መኖሩን አይነግርም። ሁለቱን ለመለየት አልካላይነት መለካት ያስፈልጋል። ይህም ናሙናውን በ0.02 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ወደ 4.5 እስኪወርድ ድረስ ቲትሬት በማድረግ የሚከናወን ሲሆን፣ ውጤቱ እንደ ጥንካሬ በካልሲየም ካርቦኔት ይገለጻል። መለኪያቸው አንድ ስለሆነ በቀጥታ ሊነጻጸሩ ይችላሉ።

ለምሳሌ ያህል ጥንካሬው 400፣ አልካላይነቱ 250 የሆነ ውሃ ቢወሰድ፣ ከጥንካሬው 250ው የካርቦኔት ጥንካሬ ነው፤ ውሃው ሲፈላ በቅርፊት መልክ ሊዘቅጥ ይችላል። ቀሪው 150 እንደ ጂፕሰም ካለ ምንጭ የመጣ ስለሆነ በማፍላት አይለቅም። የኖራ ድንጋይና የጂፕሰም አገር ውሃ ይህን መልክ ይይዛል። በአንጻሩ ጥንካሬው 30፣ አልካላይነቱ 450 የሆነ ውሃ 420 ያህል ትርፍ አልካላይነት አለው፤ ይህን ትርፍ የሚያመጣጥነው በዋነኛነት ሶዲየም ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ብዙ የተገናኘ፣ ካልሲየሙንም በመንገድ ላይ የጣለ መሆኑን ያመለክታል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ይህን መልክ የያዘ ጉድጓድ ፍሎራይዱ ሳይለካ ለመጠጥ መዋል የለበትም። ሁለቱም ዝቅተኛ የሆኑበት ውሃ ግን የዝናብ ውሃን ይመስላል።

ንጽጽሩ የፍሎራይድን ልኬት አይተካም። የውሃው ሙቀት፣ ከድንጋዩ ጋር የቆየበት ጊዜና የድንጋዩ ዓይነት ውጤቱን ስለሚወስኑ እርግጠኛው መልስ የሚገኘው በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። የንጽጽሩ ጥቅም ቅደም ተከተል ማስያዝ ነው። ኤሌክትሮዱና አቅሙ ውስን በሆነበት ቦታ የትኛው ጉድጓድ አስቀድሞ ይመርመር ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ፍሎራይዳቸው ሳይለካ የቀሩ የቆዩ የጉድጓድ መዝገቦችም፣ ካልሲየማቸውና አልካላይነታቸው ከተጻፈ፣ በዚሁ መንገድ ሊጣሩ ይችላሉ። ጠቅላላ ጥንካሬ ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ግን ለዚህ አገልግሎት አይበቃም፤ ናሙናው ዳግመኛ መወሰድ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የጥርስ ፍሎሮሲስ የሚፈጠረው ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ቢቀየርም የበለዘው ጥርስ አይመለስም። ለረጅም ዘመን ሲጠጣ አጥንትን የሚያደርቀው የአጥንት ፍሎሮሲስም በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ በቆዩ ሠራተኞች ላይ ተመዝግቧል። ፍሎራይድን በአጥንት ከሰል ወይም በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ የማስወገድ ዘዴዎች በኢትዮጵያ ተሞክረዋል፤ ሁለቱም የማያቋርጥ ክትትል ይሻሉ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ጉድጓዱን ከጅምሩ በትክክል መምረጥ ነው።

በመሆኑም በስምጥ ሸለቆ ላይ የሚሠራ የጥናት ጽሑፍም ሆነ የውሃ ጥራት ሪፖርት የካልሲየም ጥንካሬን፣ የማግኒዚየም ጥንካሬንና አልካላይነትን ለየብቻ፣ ከነመለኪያቸው ማስፈር ይገባዋል። ለስላሳ ሆኖ አልካላይነቱ ከፍተኛ የሆነ ውሃ ሲገኝ ሪፖርቱ "ለልብስ አጠባ ተስማሚ" በሚል አስተያየት መዘጋት የለበትም፤ ናሙናው ለፍሎራይድ ምርመራ መላክ ይኖርበታል። ለነዋሪው መልካም መስሎ የታየውን ጉድጓድ ልጆች ከመልመዳቸው በፊት ለማጣራት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሥራ ሁለት ቲትሬሽን ነው።